የፓዮን ኮንደንሴሽን የሚጀምርበትን ጥግግት በወረቀት ላይ ለመፈለግ

ደሴ ላይ የሻይ ውሃ ከኮምቦልቻው ዝቅ ባለ ሙቀት መፍላቱ የሁኔታ ለውጥ በግፊት እንደሚወሰን ያሳያል፤ በኒውትሮን ኮከብ (እጅግ ጥቅጥቅ ባለ የኮከብ ቅሪት) ውስጥ ለሚኖረው ፓዮን ኮንደንሴሽን፣ ማለትም ፓዮን የተባሉት ቅንጣቶች በብዛት በአንድ ዝቅተኛ የኢነርጂ ሁኔታ ለሚሰበሰቡበት ለውጥ፣ ግን ዋናው ወሳኝ ጥግግት ነው።

በካሬ ወረቀት አግድም መስመር ላይ ጥግግትን፣ ከመደበኛው የኒውክሊየስ ጥግግት ማለትም በኪዩቢክ ፌምቶሜትር ከ0.16 ኑክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ጀምረው ይጻፉ። ቀጥሎም የኤሌክትሮኑን ኬሚካዊ ፖቴንሻል (አንድ ኤሌክትሮን ለመጨመር የሚያስፈልገውን ኢነርጂ) እና በቁሱ ውስጥ ያለውን አሉታዊ ፓዮን ዝቅተኛ ኢነርጂ በሁለት ኩርባዎች ይሳሉ፤ ኮንደንሴሽኑ የሚጀምረው ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ነው። የነጻውን ፓዮን የዕረፍት ኢነርጂ፣ 139.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ብቻ ወስዶ ማቆም ስሕተት ነው፤ ሞመንተም ያለው ፓዮን ከኑክሊዮኖች ጋር የሚኖረው የፒ-ሞገድ መሳሳብ (ከፓዮኑ ሞመንተም ጋር የተያያዘ መሳሳብ) ኢነርጂውን ስለሚቀንሰው፣ በየሞመንተሙ አስልተው ዝቅተኛውን ይምረጡ። የኑክሊዮኖች የአጭር ርቀት መገፋፋት ደግሞ መነሻውን ወደ ከፍተኛ ጥግግት ይወስደዋልና፣ እኔ በበኩሌ እርሱን ያልጨመረ ስሌት አላምንም። ለውጡ አንደኛ ደረጃ ከሆነ፣ ማለትም ጥግግቱ በድንገት የሚዘል ከሆነ፣ የሁለቱ ሁኔታዎች (ኮንደንሴሽን ያለበትና የሌለበት) ግፊትና ኬሚካዊ ፖቴንሻል እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ ይፈልጉ።