ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎችን በወረፋ ስለ ማደራጀት

ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በሠራነው ሶፍትዌር፣ ተጠቃሚው ቆሞ ሊጠብቃቸው የማይገቡትን ሥራዎች፣ ማለትም የደረሰኝ መልእክት መላክንና የወር ሪፖርት ማዘጋጀትን፣ ፕሮግራሙ በተራ እያነሳ ከጀርባ ወደሚሠራበት አንድ ወረፋ አስገብተናቸው ነበር። የወር መጨረሻ ሲደርስ ረጃጅሞቹ ሪፖርቶች ወረፋውን ዘጉት፤ ገብሱን ያስረከበ ገበሬም ደረሰኙን በስልኩ ሳያይ ወደ ቀበሌው ተመለሰ። ወፍጮ ቤት አንድ ቁና ይዛ የመጣች እናት 10 ኩንታል ከሚያስፈጭ ነጋዴ ኋላ ስትቆም የሚደርስባት ይኸው ነው።

ስለዚህ ወረፋዎቹን በሥራው ዓይነት ሳይሆን ሥራው ሳይሠራ ሊጠብቅ በሚችለው ጊዜ ይክፈሏቸው። «መልእክት» ወይም «ሪፖርት» የሚለው ስም ስለ አጣዳፊነቱ ምንም አይናገርም፤ «በ10 ሰከንድ»፣ «በ5 ደቂቃ»፣ «በ1 ሰዓት» የሚለው ግን ቃል ኪዳን ነው። ለእያንዳንዱ ወረፋ የራሱን ሠራተኛ ፕሮሰስ፣ ማለትም ሥራዎቹን ከወረፋው እያነሳ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይመድቡ፤ ያለዚያ ክፍፍሉ የስም ብቻ ይሆናል። ወረፋው ሲዘገይ የሚደርስዎ ማስጠንቀቂያም በሥራዎቹ ብዛት ሳይሆን ከሁሉ የቆየው ሥራ በጠበቀው ጊዜ ላይ ይመሥረት።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ቢሠራ ጉዳት እንዳያመጣ ማድረግ ነው። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ፕሮሰስ መልእክቱን ልኮ «ተጠናቋል» ብሎ ሳይመዘግብ ቆመ፤ መብራቱ ሲመለስ ወረፋው ሥራውን እንደገና ሰጠውና አንድ ክፍያ ሁለት ደረሰኝ ወጣለት። ይህ የወረፋው ስሕተት አይደለም፤ ሥራ እንዳይጠፋ የሚጠነቀቅ ወረፋ አንዳንዴ መድገሙ አይቀርም። ሥራው ቢደገም ያው ደረሰኝ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ የማይደገም መለያ ቁጥር በዳታቤዝ ያስቀምጡ፤ መልእክት አስተላላፊው የሚቀበል ከሆነም ያንኑ ቁጥር አብረው ይላኩለት።

ወደ ወረፋው የሚገባው ሙሉ መዝገቡ ሳይሆን መለያ ቁጥሩ ብቻ ይሁን፤ መዝገቡ ሲቆይ ያረጃል። የሚገባውም የዳታቤዙ ለውጥ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሠራተኛው ገና ያልተጻፈ መዝገብ ይፈልጋል።

ሙከራው ሲከሽፍ የሚደረገው ድግግሞሽ በየጊዜው እየተራራቀ ይሂድ። ሳይድኪክ የተባለው፣ በሩቢ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች የሥራ ወረፋ የሚያስተዳድር መሣሪያ፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር 25 ጊዜ፣ 20 ቀን ገደማ ይሞክራል፤ ለደረሰኝ ግን ይህ እጅግ ረጅም በመሆኑ እኛ በአንድ ቀን ወስነነዋል። ከዚያ በኋላም ያልተሳካው ሥራ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጠዋት ጠዋትም ከእኛ አንዱ እየከፈተ ያየዋል።