ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ሥዕል መቀባት ስናስተምር፦ ሦስት ቀለም፣ አንድ ጨርቅና የሐዋሳ አባ ኮዳ

ለመጀመሪያው ወር ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የውሃ ቀለም ብቻ ያቅርቡ። ባለ 12 ቀለም ሣጥን የተሰጠው ልጅ የተዘጋጀውን አረንጓዴ ይቀባል እንጂ አረንጓዴ ከምን እንደሚወለድ አያይም።

ልጆቹን በአራት በአራት ያስቀምጡ። ለአንድ ቡድን ሦስት የጠርሙስ ክዳን ቀለም፣ ከወገባቸው የተቆረጡ ሁለት ሃይላንዶች (አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹህ ውሃ) እና አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የደብተር ወረቀት ሲረጥብ ይጨማደዳል፣ ሲታሽም ይቀደዳል፤ ብሪስቶል (ወፍራም የሥዕል ወረቀት) ገዝቶ መቆራረጥ ይሻላል። የሚያብረቀርቅ ካርቶን ቀለም አይዝም።

ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ልጁ ስለማይችል ሳይሆን ብሩሹ ውሃ ስለሚበዛበት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያለማምዱ፦ ማጠብ፣ ጨርቁ ላይ መጥረግ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ቀለም መሄድ። መጥረጉ ከተዘለለ ሦስቱ ቀለሞች ተቀላቅለው ጭቃ ይሆናሉ። አረንጓዴ ሲሠሩ ቢጫው ይቅደም፤ ሰማያዊው በብሩሽ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ይጨመር። ሰማያዊው ከቀደመ ብዙ ቢጫ ይፈጃል።

ለሥዕሉ ልጆቹ በሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚያዩትን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ይምረጡ። በእርሳስ አያስጀምሩ፤ እርሳስ የያዘ ልጅ ወፉን አውራ ጣት አሳክሎ ይስልና ላጲስ ሲፈትግ 40 ደቂቃው ያልቃል። በቀጭን ቢጫ መስመር መዳፍ የሚያክል እንቁላል ይሳሉ፣ አንገት፣ ወፍራም ምንቃር፣ ሁለት ረጃጅም እግሮች ይጨመሩለት። ለጀርባው ሰማያዊ ላይ ጥቂት ቀይና ቢጫ ጠብ ሲደረግ ጥቁር ግራጫ ይወጣል። ጭንቅላቱ በውሃ የቀጠነ ቀይ ነው። ሆዱ ነጭ ስለሆነ ወረቀቱ ሳይቀባ ይተው፤ ነጭ ቀለም አያስፈልግም። ይህን ሲያውቁ ልጆች በጣም ይደነቃሉ።

ከወፉ በስተኋላ የሚቀባው ሐይቅ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቆይ። ወፉ ሳይደርቅ ሰማያዊው ከነካው ግራጫው ይፈስሳል። ጊዜው ካስገደደ በወፉ ዙሪያ የስንደዶ ውፍረት ያህል ደረቅ ወረቀት ያስተርፉ።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሰማይን ከላይ እንደ መቀነት አስረው ይተዉታል። የዕድሜያቸው አሳሳል ነውና አያርሙት። የልጁንም ብሩሽ ከእጁ አይውሰዱ፤ ማሳየት ካስፈለገ በራስዎ ወረቀት ላይ ያሳዩ። መምህር የነካው ሥዕል ለልጁ የራሱ መሆኑ ያበቃል።

ቢጫው ካለቀ አንድ ማንኪያ እርድ፣ አንድ ማንኪያ ኮላና ሁለት ማንኪያ ውሃ ይምቱ። ለጥቁር የተነፋ የከሰል ዱቄት እንዲሁ ይሠራል። የእርዱን ሥዕል ግን ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይስቀሉት፤ ይደበዝዛል። ብሩሾቹ ታጥበው ጠጉራቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቁሙ። ውሃ ውስጥ ያደረ ብሩሽ ጫፉ ይጣመማል፣ ተመልሶም አይቃናም።