ቡድን ይዞ ቁንዱዶን እንዴት መውጣት ይቻላል?

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችሁን ይዛችሁ ቁንዱዶ ልትወጡ አስባችኋል እንበል። ተራራው ከሐረር በስተምሥራቅ፣ ጉርሱም ውስጥ ነው። ከፍታው 3000 ሜትር ይጠጋል። አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ሲሆን በዱር ፈረሶቹ ይታወቃል። ድሬዳዋ ያለችው 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ ከድሬ የመጣው ሰው ከሐረሩ ቀድሞ ትንፋሽ ቢያጥረው አትሳቁበት።

መጀመሪያ ሥራ አከፋፍሉ። በፈረንጆቹ 1953 ኤቨረስት ሲወጣ የቡድኑ መሪ ጆን ሃንት ለላይኛው ካምፕ የሚሆን ዕቃ ራሱ ተሸክሞ ወጥቷል። ጫፉን የረገጡት ግን ሂላሪና ቴንዚንግ ናቸው። ከእነሱ በፊት የተላኩት ቡርዲሎንና ኢቫንስ 100 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ተመልሰዋል። እናንተም ውሃ የሚይዘውን፣ መድኃኒት የሚይዘውን፣ ሰው የሚቆጥረውን ከቤት ሳትወጡ ለዩ። በነፍስ ወከፍ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውሃ ያዙ። አለቃውም ይሸከም። ካሜራ ብቻ አንጠልጥሎ የሚወጣ አለቃ ግማሽ መንገድ ላይ የሚሰማው አያገኝም።

ቀጥሎ ሐኪም ተራራን ውጡ። ሐረር አፍንጫ ሥር ስላለ ለልምምድ ይመቻል። ማን ጫማው እንደሚልጠው፣ ማን ደክሞት ዝም እንደሚል እዚያ ይታያል። ጉልቤዎቹን ተዉአቸው፤ ማወቅ ያለባችሁ ዝም የሚለውን ነው።

ለዋናው ጉዞ የአካባቢው ልጅ መንገድ ይምራችሁ። ኦሮምኛ የሚችል ሰውም አይጥፋ። ሂሳቡን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሰላለፉ ላይ ብዙ ቡድን ይበላሻል። መንገድ መሪው ከፊት፣ ቀርፋፋው ከሱ ኋላ፣ አለቃው መጨረሻ ይሁን። አለበለዚያ የሚሆነው ይታወቃል። የፊቶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ይጠብቃሉ። የመጨረሻዋ ልጅ እያለከለከች ስትደርስ «በቃ፣ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። እነሱ አሥር ደቂቃ አረፉ፣ እሷ ምንም። ስለዚህ ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መመለሻ ሰዓቱ። በፈረንጆቹ 1996 ግንቦት ወር ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል ስምንት ሰው ሞቷል። ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላም ወደ ጫፉ መውጣት የቀጠሉ ነበሩ። ቁንዱዶ ኤቨረስት አይደለም፤ ግን ጨለማ እዚህም ጨለማ ነው፣ ጅብም አለ። ስሌቱ ከታች ይጀምራል። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። መኪናው ጋ 11 ሰዓት መድረስ ከፈለጋችሁና መውረጃው 3 ሰዓት ከወሰደ፣ መመለሻችሁ 8 ሰዓት ነው። እኔ ብሆን 7 ሰዓት ተኩል እላለሁ፤ ቁልቁለት ጉልበት ይፈጃል።

ይህን ሰዓት ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ ቁረጡት። ጫፉ ከታየ በኋላ «አቦ፣ ትንሽ እኮ ነው የቀረን!» የሚል አይጠፋም። የሚለውም ብዙ ጊዜ አለቃው ነው። ለዚህ ነው «ሰዓቱ ደርሷል» የሚለውን ሰው ከአለቃው ውጪ መምረጥ የሚያስፈልገው። ሒሳብ ክፍል ያለችው ዝምተኛዋ ልጅ ትሁን። እሷ ካለች ክርክር የለም።

መንገድ ላይ ሌላ ውሳኔ ከመጣ፣ ለምሳሌ ደመና ቢከብድ፣ መጀመሪያ ትንሹ ይናገር፣ አለቃው መጨረሻ። ጋሼ ቀድመው «እንቀጥል» ካሉ «ኧረ ጉልበቴ!» የሚል አይገኝም።

ስትመለሱ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሰው ቁጠሩ። የጉዞውን ግምገማ ግን በማግስቱ፣ ቡና ላይ አድርጉት። መጀመሪያ የምትጠይቁትም መጨረሻ የደረሰውን ነው።