የኦክቶበር ልደት ድንጋይ፦ ኦፓልን ጎንደር ላይ እንዴት ሐብል እናሠራው?

ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ የተወለደ ሰው አላችሁ? በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው፤ የልደት ድንጋዩም ኦፓል። ቱርማሊን የሚባል ሌላ ድንጋይም ለዚሁ ወር ተመድቧል፣ ግን የአገራችንን ኦፓል ትቶ ወዴት! ዛሬ የሚሠራበትን የወራት ዝርዝር ያወጡት የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1912። ስለዚህ «የጥንት ምስጢር ነው» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

መጀመሪያ ድንጋዩን ምረጡ። ገበያ ላይ የምታገኙት በብዛት የወሎ ነው፣ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው። ብርሃን ላይ አገላብጡት። ቀለሙ ከየአቅጣጫው ብልጭ ካለ ጥሩ ነው፤ ከአንድ ጎን ብቻ ከታየ ግን ዋጋ አስቀንሱ። ጎኑንም እዩት፤ ቀጥ ያለ የመጋጠሚያ መስመር ካለው ስስ ኦፓል ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው። ጥቁር ከሆነ ደግሞ በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ መሆኑን ጠይቁ። ተፈጥሯዊ ጥቁርም አለ፣ ብዙው ግን እንደዚያ አይደለም።

ቀለበት አልመክርም። የኦፓል ጥንካሬ በሞስ መለኪያ (ቁጥሩ የሚበልጠው ድንጋይ የሚያንሰውን ይጭራል) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፣ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ደግሞ 7፤ ስለዚህ በየቀኑ እጅ ላይ ከዋለ መጫሩ አይቀርም። ሐብል ወይም ጉትቻ ይሻላል።

ከዚያ ፒያሳ ወጣ ብላችሁ ብር የሚሠራ አንጥረኛ ፈልጉ። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት፦ ብየዳው፣ ማጠቡ፣ መወልወሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚገባው። ኦፓል ውስጡ ውኃ ስላለው እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ዙሪያውን በስስ የብር ጠርዝ ይቀፈው፤ በትንንሽ የብር ጥፍሮች ብቻ የተያዘ ድንጋይ ጠርዙ ቶሎ ይመታል።

አያያዙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲረጥብ እንደ መስታወት ጥርት ይልና ቀለሙ ድራሹ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ቅቤ፣ ሽቶና ቅባት ከገባበት ግን እድፉ ሊቀር ይችላል፤ ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ከሆነ አስቀድማ ታውልቀው። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ስትወርዱም ቤት ይቅር፣ ጥር 11 እዚያ ደርቆ የሚመለስ ሰው የለም። ድንገት ከረጠበ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ፀሐይና ምድጃ አታሳዩት። ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል አንጥረኛው ጋ ሮጣችሁ ጠብ አታንሱ።