ቻምበር ሮክ፦ በምን ይለያል፣ ከየትስ ይጀመራል?

ቫዮሊን የገባበት ሮክ ሁሉ ቻምበር ሮክ አይደለም። ይህን አስቀድሞ መያዝ ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ በዚህ ስም በሚዞሩት ዝርዝሮች ውስጥ ኦርኬስትራ ከኋላ ያጀበው ተራ ሮክም ተቀላቅሎ ይገኛልና።

የአውሮፓ ቻምበር ሙዚቃ ለትንሽ አዳራሽ የተጻፈ ሙዚቃ ነው። ተጫዋቾቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ዘጠኝ። ፊታቸው ቆሞ በዱላ የሚመራቸው የለም፤ ለአንድ መስመር የሚመደበውም አንድ ሰው ብቻ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ከአሥር በላይ ቫዮሊኖች አንዱን ዜማ አብረው ሲጫወቱ የአንዱ ስህተት በሌሎቹ ይሸፈናል። እዚህ ግን ቪዮላው (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀው) አንድ ድምፅ ቢዘል ክፍተቱ ወዲያው ይሰማል። ይህ አጻጻፍ ከሮክ ድራም፣ ከቤዝና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲገናኝ የምንፈልገው ነገር ይወለዳል። ለሥራ የሚሆን ብያኔ እንስጠው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን መስመር የያዘበት፣ አንዱ ለሌላው አጃቢ ብቻ ያልሆነበት፣ አብዛኛው ክፍል ቀድሞ የተጻፈ፣ የሮክ ጉልበት ግን ያልተለየው ሙዚቃ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከማዳመጥ በፊት

የስልክ ስፒከር አይሆንም። የባሱን (ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው) የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ 58 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 58 ንዝረት ገደማ ነው፤ የቼሎ (ትልቁ ባለቀስት መሣሪያ) 65፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ጨርሶ አያወጣውም ማለት ይቻላል። በስልክ ያዳመጠ ሰው «ቀጭን ነው፣ ቫዮሊን ብቻ ነው የሚሰማው» ብሎ ቢፈርድ አይገርምም፤ ከሙዚቃው ግማሹ አልደረሰውም። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለገመድ ሄድፎን ይሻላል። ያለው ኢርፎን ከሆነ ለጆሯችሁ የሚስማማውን ጎማ ምረጡ፤ ጎማው ክፍተት ከተወ ቤዙ ይጠፋል።

የ40 ደቂቃ አልበም በሰከንድ 320 ኪሎቢት ጥራት 96 ሜጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት 38 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ለዳታ ብላችሁ በትንሹ አትውሰዱ። ሲምባልና ኦቦ (ቀጭን ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ላይ እንደ አሸዋ የሚንሿሿው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ፣ ካምፓስም ይሁን ሆቴል፣ አውርዳችሁ ያዙ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ በ20ኛው ደቂቃ ላይ የቆረጠውን ቁራጭ ከመሃል መጀመር ትርጉም የለውም። በማጫወቻው ላይ ያለውን ድምፅ ማመጣጠኛና ቤዝ ማጉያም አጥፉ። ይህ ሙዚቃ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት የሚሄደው ሆን ተብሎ ነው፤ ማመጣጠኛው ሁለቱን አንድ ልክ ያደርጋቸዋል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አትሞክሩት። የሞተሩ ጉርምርምታ የሚሸፍነው ልክ ባሱኑና ቤዙ ያሉበትን ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ቡናው ተወቅጦ እስኪያልቅ ታገሡ፤ ብዙዎቹ ሥራዎች የሚጀምሩት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ምቱን በሁለት ከተማ መቁጠር

የእኛ ጆሮ በችክችካ ስድስት ምት ተገርቷል። ቻምበር ሮክ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ ይሄዳል፣ ከዚያም ሳይናገር ይቀይራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ መቁጠር ፍጥነቱ ሲጨምር አያዋጣም፤ የቁጥሮቹ ርዝመት እኩል ስላልሆነ ምላስ ይደናቀፋል። በምትኩ ደሴንና ኮምቦልቻን ተጠቀሙ። «ደ-ሴ» ሁለት ምት ነው፤ «ኮም-ቦል-ቻ» ሦስት። እያንዳንዷ ቁራጭ እኩል ጊዜ ትውሰድ፤ በየስሙ መጀመሪያ ላይ አጨብጭቡ።

አምስት፦ ኮምቦልቻ ደሴ። ሰባት፦ ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ። አሥር፦ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ደሴ ደሴ። አሥራ አንድ፦ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ደሴ።

በሚታወቅ ነገር ተለማመዱ። «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተባለው ተከታታይ ፊልም መክፈቻ ሙዚቃ ልክ ባለ አሥሩ ነው፤ «ቴክ ፋይቭ» የተባለው የጃዝ ሥራ ባለ አምስቱ። እነዚህ ያለ ማሰብ ሲወጡላችሁ ወደ አዲሱ ሙዚቃ ግቡ፤ እዚያ ግን ድራሙን አትከተሉ። የቻምበር ሮክ ድራመኛ ብዙ ጊዜ ምት ጠባቂ ሳይሆን አንዱ ተናጋሪ ነው። ቤዝ፣ ፒያኖ ወይም ሃርሞኒየም (በነፋስ የሚሠራ ባለቁልፍ መሣሪያ) ላይ የሚደጋገመውን አጭር ሐረግ ያዙ፤ ሐረጉ ወደ መነሻው የተመለሰበት ቦታ የቤቱ፣ ማለትም የአንዱ ዙር ምት፣ ልክ ነው። በየዙሩ አንድ ምት የሚጎድላችሁ ከሆነ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ኮምቦልቻን በደሴ ጊዜ ውስጥ እያጨቃችኋት ነው።

የወሎ ጆሮ ያለው ብልጫ

ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ ሲሰማ ጨለማ፣ አንዳንዴም «የተሳሳተ» ይመስላል። ስሜቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ርቀቶች ነው፦ ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርከን ብቻ ከፍ ካለው፣ እና ሦስት ሙሉ እርከን ከሚርቀው። ሁለቱም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ የግማሽ እርከኑ ጥብቅነት እዚያው አለ። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ ሁለቱንም ይዟል፤ ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ያ ሦስት እርከን ነው። የአውሮፓ ሮክ አድማጭ ለመልመድ የሚቸገርበትን ርቀት እኛ ሰርግ ላይ እናጨበጭብበታለን።

ልዩነቱ ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ ቤት ሠርተው መቀመጣቸው ነው። ቻምበር ሮክ በአሥራ ሁለቱም ይዘዋወራል፣ ማረፊያውንም ይቀይራል። ጆሮ ማረፊያ ፈልጎ ሲያጣ ይደክማል። መፍትሔው ቤዙ ደጋግሞ የሚመለስበትን ድምፅ በዝግ አፍ ማንጎራጎር ነው፤ ቤዙ ሲነሳ አብሮ መነሳት።

ከየትኛው ይጀመር?

ብዙ ሰው የሚተወው ከባዱን መጀመሪያ ስለሚያነሳ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ይሻላል።

በመጀመሪያ ሮክ ያልሆነ ነገር፦ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ በ1918 ያቀረበው «የወታደሩ ታሪክ»። ተጫዋቾቹ ሰባት ናቸው፤ ክላሪኔት፣ ባሱን፣ ኮርኔት፣ ትሮምቦን፣ ቫዮሊን፣ ኮንትራባስና የምት መሣሪያዎች። ተራኪ የሌለበትን አጠር ያለ ቅጂ ፈልጉ። የሚቀያየረው ምትና ደረቁ ከበሮ በኋላ በሮኩ ውስጥ ይመለሳል።

ቀጥሎ ግሪፎን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1974 ያወጣው «ሬድ ኩዊን ቱ ግሪፎን ስሪ»። አራት ሥራዎች አሉት፤ ዘፈን የለበትም። ዓላማው ባሱንን ማወቅ ነው፤ ብርሃን ያለው ሙዚቃ ስለሆነ መሣሪያው ተለይቶ ይሰማል። ከቼሎ ጋር ካምታታችሁ አነሳሱን አዳምጡ፦ ቼሎ ከዝምታ ተንሸራትቶ ሊገባ ይችላል፤ ባሱን ግን በድርብ ሸምበቆው ምክንያት ጫፉ ላይ ትንሽ ይቆርጣል።

ከዚያ ሄንሪ ካው። በ1968 ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፍሬድ ፍሪዝና ቲም ሆጅኪንሰን የተመሠረተ ባንድ ነው። የ1974ቱ «አንረስት» ላይ ሊንዚ ኩፐር ባሱንና ኦቦ ይዛ ገብታለች። አልበሙ ለትምህርት የተሠራ ያህል ነው፤ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ በአብዛኛው የተጻፈ ሲሆን ለሁለተኛው ገጽ በቂ ድርሰት ስላልነበራቸው ስቱዲዮ ውስጥ በቅጽበት ፈጠራና በቴፕ ቅንብር ሞሉት። ሁለቱን ገጾች በተለያየ ቀን ስሙ። በአንደኛው ሁለት መሣሪያዎች የሚገናኙት በቀጠሮ ነው፤ በሁለተኛው ተፈላልገው። «ሩይንስ» የተባለውን የ12 ደቂቃ ያህል ሥራ አራት ጊዜ ስሙት፦ አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ቤዙን ብቻ፣ አንዴ ባሱኑን፣ አንዴ ድራሙን።

አሁን የዘውጉ እምብርት። ድራመኛው ዳንኤል ደኒ በ1974 ቤልጅየም ውስጥ የመሠረተው ዩኒቨር ዜሮ። ስትፈልጉ በመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ የማይነበበውን የፈረንሳይኛ «ኤስ» አትርሱ፤ ያለ እርሱ ፍለጋው ሌላ ነገር ያመጣል። በ1977ቱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ሰባት ተጫዋቾች አሉ፦ ባሱን፣ ሁለት የቫዮሊን ሰዎች (አንዱ ቪዮላም ይጫወታል)፣ ሃርሞኒየምና ስፒኔት የሚባል ትንሽ የጥንት ባለቁልፍ መሣሪያ የሚይዝ አንድ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። ቁጥሩ ከስትራቪንስኪ ጋር መገጣጠሙን ልብ በሉ። የ1979ኙ «ኤሬዚ» ሦስት ሥራዎች ብቻ ሲኖሩት የመጀመሪያው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀማሪ እዚህ ከገባ አይመለስም፤ ስለዚህ ከ1977ቱ በኋላ አድርጉት። ከዚህ የተረፈ ጉጉት ያለው ጊታሪስቱ ሮዤ ትሪጎ ወጥቶ ወደ መሠረተው ፕሬዘንት፣ ወይም በዚያ ዘመን ያለ ድራመኛ ይሠራ ወደነበረው የፈረንሳዩ አርት ዞይድ ይሂድ።

አንድ የጎን ነገር። ፍሪዝ ከቼሎ ተጫዋቹ ቶም ኮራ ጋር ስኬልተን ክሩ በሚባል ቡድን ሠርቷል፤ ኮራ ደግሞ በ1991 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ጋር አልበም አወጣ፤ ዘ ኤክስ በ2006 ከእኛው ጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። የሳክስፎን ሽለላው ቻምበር ሮክ አይደለም፣ መንገዱ ግን የምናስበውን ያህል ሩቅ አይደለም።

ፈተናው

አጠራጣሪ ሥራ ሲገጥማችሁ የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን በሐሳባችሁ አውጡ። ዘፈኑ ያለ እነርሱም ሳይፈርስ ከቀጠለ ጌጥ ነበሩ። ዲፕ ፐርፕል በ1969 ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ጋር ያቀረቡት ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ባንድና ኦርኬስትራ ተራ ይቀባበላሉ እንጂ ትንሽ ስብስብ አልሆኑም።

ቀጥሎ ክሩ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ። በ1970ዎቹ ሮክ ላይ «ቫዮሊን» የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሜሎትሮን ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የተቀረጸ ቴፕ የሚያጫውት መሣሪያ። ቴፑ 8 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ያልቃል። ድምፁ ከዚያ በላይ ሳይታደስ የማይዘልቅ ከሆነ፣ አነሳሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቀስት የያዘ ሰው የለም።

ቀድሞ ተጽፏል ወይስ በቅጽበት ተፈጥሯል? ሁለት መሣሪያዎች በሰባት ወይም በአሥራ አንድ ምት ጠማማ ዜማ አንድ ላይ ከተጫወቱ በአጋጣሚ አይሆንም። የመድረክ ቅጂ ካገኛችሁ ከስቱዲዮው ጋር አስተያዩ።

«ሮክ ኢን ኦፖዚሽን» የሚለውን መለያ እንደ ብያኔ አትውሰዱት። በማርች 12 ቀን 1978 ለንደን ላይ አምስት ባንዶች፣ ሄንሪ ካው፣ ዩኒቨር ዜሮ፣ የጣሊያኑ ስቶርሚ ሲክስ፣ የስዊድኑ ሳምላ ማማስ ማናና የፈረንሳዩ ኤትሮን ፉ ለሉብላን፣ ያቀረቡት ኮንሰርት መነሻ ነው። ያሰባሰባቸው የሸክላ ኩባንያዎች ፊት መንሳታቸው እንጂ የድምፅ መመሳሰል አልነበረም፤ ሳምላ ከጨዋታና ከሳቅ የማይለይ ባንድ ነው።

ድንበር ላይ የሚቆሙም አሉ። የቤልጅየሙ አራኒስ የ2005 አልበም ድራም የለውም፤ ሆኖም ቫዮሊን፣ አኮርዲዮንና ኮንትራባሱ ምቱን በሮክ ክብደት ስለሚመቱት እናስገባዋለን። የእንግሊዙ ባንድ ጀንትል ጃይንት በ1972 በሰው ድምፅ የተጠላለፉ መስመሮች ጽፈዋል፤ የቀረው ሥራቸው ግን ዘፈን ነው። ስለዚህ በባንድ አትፍረዱ፣ በሥራ ፍረዱ።

በእጅ መሞከር

ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ቤዝ ጊታርና ከበሮ ይበቃሉ። አንቺሆዬ፣ ሰባት ምት፣ ስምንት ቤት። ቤዙ «ደሴ ደሴ ኮምቦልቻ»ን ይደግማል። ከበሮው በየ«ኮም»ዋ ብቻ ይመታል። ማሲንቆው ሁለት ቤት የሚሞላ ዜማ ይጀምራል፤ ዋሽንቱ ያንኑ ዜማ አንድ ቤት ዘግይቶ ይገባል። ከአምስተኛው ቤት ጀምሮ ይቀያየራሉ።

ዋሽንት ሲሠራ ድምፁ ስለሚወሰን ማሲንቆና ቤዝ ወደ ዋሽንቱ ይቃኙ፤ ተቃራኒው አይሞከርም። የቤዙን አምፕሊፋየር ማሲንቆው ከሦስት ሜትር ርቀት እስኪሰማ ድረስ ቀንሱ። ትልቁ ችግር ከልምድ የሚመጣ ነው፦ የእኛ ማሲንቆ ዜማውን በሚይዘው ላይ እየተጠመጠመ ማጀብ ለምዷል። ለአዝማሪ ጨዋታ ውበት ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱን መስመር አንድ ያደርጋቸዋል። ማሲንቆው መጀመሪያ ብቻውን በስልክ ይቀረጽና የቀረጸውን ሳይለውጥ ይጫወት። ሲጨርሱ አንድ ስልክ መሃል አስቀምጣችሁ ቅዱት፤ ያላየ ሰው አሰሙና የማሲንቆውን ዜማ ብቻ፣ ከዚያ የዋሽንቱን ብቻ እንዲያንጎራጉር ጠይቁት። አንዱን ከሌላው መለየት ካቃተው ዋሽንቱ የሚገባበትን በሁለት ምት አዘግዩና እንደገና ቅዱት።