«ከተማ ውስጥ ደህና ናት» ብላችሁ አትውጡ፦ አሮጌ ፒክአፕ ለረጅም መንገድ ሲዘጋጅ የሚሠሩ ስህተቶች

በዓል ወይም የሠርግ ወር ሲቃረብ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለው ጋራዣችን በፒክአፕ ይሞላል። ሰው የሚመጣው ሐሙስና ዓርብ ነው። የሚወጣው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ቃሉም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ዘይት ቀይርላትና አየት አድርጋት።»

ይህን ስሰማ እደነግጣለሁ። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የምትመላለስ መኪና ገና አልተፈተነችም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጉዞው አጭር ነው። ሦስተኛ ማርሽ ሳትጠግብ መብራት ይይዛታል። የደከመ ራዲያተር፣ የደረቀ ጎማ፣ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት እዚህ ሁሉም ተደብቀው ይኖራሉ። የሚገለጡት ዓባይ በረሃ ወይም አዋሽ ሜዳ ላይ፣ ቤተሰብ ተጭኖ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፍ። ባብዛኛው የማወራው ስለ አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ ነው። የሌላውም ጉዳይ ብዙ አይለይም።

በዋዜማው ማሠራት

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አሠሩ። አዲስ ዕቃም ይበላሻል። አዲስ የታሰረ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ) ሞቆ ሲቀዘቅዝ ፋሻው ይላላል፣ አዲስ ቺንጋ (ቀበቶ) ይለጠጣል። እነዚህ የሚታዩት ከተነዳ በኋላ ነው። መካኒክም ቢሆን «ነገ ነው የምወጣው» ሲባል ይቸኩላል። እኔም እቸኩላለሁ፣ አልዋሽም።

ከተሠራች በኋላ ፈትኗት። መጀመሪያ ዕቃ ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ውጡ። ስትወጡ የሙቀት ጌጁን እዩ፣ ስትወርዱ ፍሬኑን ስሙ። ከዚያ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ደርሳችሁ ተመለሱ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይቆሙ መንዳት ከተማ ውስጥ የማይገኝ ፈተና ነው። አዳማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። እዚያ ያልታየ ችግር ሌላ ቦታም የመታየቱ ዕድል ይቀንሳል።

ተርሞስታት ማውለቅ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

መኪና ሞቀች ሲባል ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ተርሞስታቱን አውልቆ መጣል ነው። «አሁን ውሃው እንደ ልቡ ይዞራል» ይላሉ። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የተፈወሰች ይመስላል።

አልተፈወሰችም። ተርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይይዛል። ሲሞቅ ይከፍታል። ከሌለ ሞተሩ እዚህ ብርድ ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። ሌላም አለ። ብዙ ሞተር ላይ ተርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጎኑ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ከሌለ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ስለዚህ ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ወደ ሞተር ይገባል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ዳገት ላይ፣ በጭነት፣ በሙቀት ግን ይቀቅላታል። በአንድ ክረምት ብቻ ሦስት የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከገላው ጋር የሚያሽገውን) ከፍቻለሁ። ሦስቱም ላይ ተርሞስታት አልነበረም።

መኪና ከሞቀች የሞቀችበት ምክንያት አለ። ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፖምፓው ደክሟል፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) በደንብ አይዞርም፣ ወይም ክዳኑ ሞቷል።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። ርካሽ ስለሆነ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር የሚሠራው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 (ባር፣ የግፊት መለኪያ ነው) የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ካለ እዚህም የመፍያው መጠን ከ110 ዲግሪ ያልፋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ከሆነ ግን ያን ግፊት አይዝም። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላላችሁ። ከራዲያተሩ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ሲሞቅ ግን በፍጹም እንዳትከፍቱት። ፊቱ የተቃጠለ ረዳት አውቃለሁ።

የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም ይቅር። ራዲያተሩን የሚደፍነው እሱ ነው። ኩላንት ውሃው እንዳይፈላ ብቻ ሳይሆን ዝገት እንዳይበላውም ነው።

የፍሬን ሸራ ቀይሮ ዘይቱን መተው

ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ሲዳር እናቴን ጋቢና አስቀምጬ በራሴ ሃይሉክስ ሄድኩ። ሸራውን ከወር በፊት በእጄ ቀይሬያለሁ። ታምቡሩን (ሸራው የሚጫነውን ክብ ብረት) አስሞርጃለሁ። ዘይቱን ግን አየሁት፣ ሙሉ ነው፣ ተውኩት።

ከጎሐ ጽዮን ዓባይ ወንዝ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬን እየነካሁ ወረድኩ። እኩሌታው ላይ ስደርስ ፔዳሉ ለሰለሰ። ደግሜ ስረግጥ ወለል ነካ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ በገደሉ ተቃራኒ ቦዩ ውስጥ አስገብቼ አቆምኳት። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። እጇ ግን የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ።

የሆነው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ፍሬን አይገፋም።

አታላይነቱ ደግሞ ሌላ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ጠነከረ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተስተካከለች» ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን እስከ ወንዙ በመጀመሪያ ማርሽ እየተሳብኩ ወረድኩ። ደብረ ማርቆስ ደርሼ ስከፍተው ዘይቱ ቡና መስሏል።

በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ አሁን ቀይሩት። ቁልቁለቱን ደግሞ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ይያዛት።

ባሌስትራ ጨምሮ ፍሬኑን መርሳት

ሰው ሲሄድ ባዶ ነው። ሲመለስ አምስት ኩንታል ጤፍ፣ ሁለት በግና አንድ ጄሪካን ማር ይዞ ነው። ስለዚህ «እንዳትቀመጥ» ብሎ ከኋላ አንድ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ) ያስጨምራል። ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክሱ ጋር በዘንግ የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አለች። ጭነት ሲኖር ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋታል፣ እሷም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትሰጣለች። ባዶ ሲሆን ኋላው እንዳይንሸራተት ትቀንሳለች።

ባሌስትራ ስትጨምሩ ኋላው ከፍ ይላል። ቫልቯ ባዶ የሆናችሁ ይመስላታል። በአምስት ኩንታል ጤፍ ላይ የኋላ ፍሬናችሁ ይደክማል ማለት ነው። ዘንጉ መስተካከል አለበት። የሠራላችሁን ሰው ጠይቁት። ካላወቃት ሌላ ሰው ጋ ውሰዱት።

ጎማን በጥርሱ ብቻ ማየት

ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማም ይፈነዳል። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ። 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ቆይቶ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥም አለ፤ ስትገዙም እዩት። ዕድሜው ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ይዛችሁ አትውጡ። ጎሚስታው ነፋስ ሲሞላም በግምት አይሁን። የነፋሱ ልክ የሾፌሩ በር አካባቢ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የጭነቱ ለብቻ ነው።

ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ደግሞ አውርዱት። ከሥር በሰንሰለት የተንጠለጠለው ነው የምለው። እነዚያ ማውረጃዎች ይዝጋሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛችን ሻሸመኔን አልፎ ጎማ ፈነዳበት። ስኮርታ አለው፣ ክሪክ አለው፣ ሰንሰለቱ ግን አልፈታም አለ። በመጋዝ ነው የተቆረጠው። እዚህ ቢሆን ትንሽ ግራሶ ብቻ ነበር።

ስለ ታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቩንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ ስለሚያቀናጀው ቀበቶ) አጭር ነው። ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የሚባሉት የአሮጌ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች በቺንጋ ነው የሚሠሩት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ የሻጩ ቃል አይበቃም። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ።

የናፍጣ ፊልትሮ አንድ ትርፍ ያዙ፤ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃም አፈርም አለበት። ናፍጣ ጨርሳችሁ ከቆማችሁ መሙላት ብቻ አይበቃም። ፊልትሮው ራስ ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት። በጨለማ መንገድ ዳር መማር ከባድ ነው።

የማሞቂያ ካንዴላዎቹንም አስፈትሹ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ ሞተውም ትነሳለች። ደብረ ብርሃን አድራችሁ ጠዋት ግን ብርዱ ያስራታል።

ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ እሳት ማጥፊያ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ።

የመጨረሻው ደግሞ ከወጡ በኋላ የሚሠራ ስህተት ነው፦ ፍቼ እስኪደርሱ አለመቆም። እኔ ወደ ጎጃም ስወጣ ጫንጮ ላይ እቆማለሁ። ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር አያለሁ። ከዚያ ዞሬ የአራቱንም ጎማ መሐል በእጄ መዳፍ ጠጋ ብዬ እለካለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ካቃጠለ ወይ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት) አልቋል፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል። ከጫንጮ አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤተሰቡ ቢቆጣም እመለሳለሁ።