የ123 መርሴዲስ በየአገሩ ስንት ያወጣል? ዋጋውን እንዴት እንደምትተምኑ

አንዱ ሽቱትጋርት አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። አንዱ ሎስ አንጀለስ ፀሐይ ላይ ከርሟል። አንዱ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ሦስቱም የ1982 መርሴዲስ ናቸው፤ ሞዴላቸውም አንድ ነው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ስለ አሮጌ የጀርመን መኪና ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "የት ኖረ? ወረቀቱስ? የትኛው አገር ነው ታርጋ የሚያወጣው?" ብዬ እጠይቃለሁ። እነዚህ ካልተመለሱ ዋጋ መጥራት ግምት እንኳን አይባልም።

ለማስረዳት የምወስደው 123 የሚባለውን ሞዴል ነው። ከ1976 እስከ 1986 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ታክሲ ነጂም፣ ሐኪምም፣ አምባሳደርም ነድቶታል። አካሄዱ ለሌሎቹ የመርሴዲስ ሞዴሎች፣ ለትልቁ 126ም፣ ለ124ም፣ ለአሮጌ ቢኤምደብሊውም ይሠራል።

1. መኪናው በትክክል የትኛው እንደሆነ ለዩ

ኮፈኑን ክፈቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተመትቷል። ሊብሬውን በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንዲት ቁጥር ከተለያየች እዚያው ላይ አቁሙ። ሌላውን ማየት አያስፈልግም።

ለአውሮፓ በተሠራ መኪና ላይ፣ ቁጥሩ ውስጥ በ123 የሚጀምሩት ስድስት አሃዞች መኪናው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ከ123 ቀጥሎ 130 ካለ 300ዲ ነው። ከ123 ቀጥሎ ደግሞ 123 ካለ 240ዲ ነው፤ "ዲ" ናፍጣ ማለት ነው። ኋላ ላይ የተለጠፈው ምልክት በቀላሉ የሚቀየር ነገር ስለሆነ እሱን አትመኑ።

ከራዲያተሩ በላይ ባለው ብረት ላይ ደግሞ የቀለም ቁጥር ያለባት ትንሽ ሳህን አለች። 904 ጥቁር ሰማያዊ ነው። 040 ጥቁር ነው። 623 ወተት የሚመስለው የጀርመን ታክሲ ቀለም ነው። መኪናው ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ሳህኗ 623 የምትል ከሆነ ቀለሙ ተቀይሯል። ምናልባትም ታክሲ ነበር። ታክሲ መሆኑ ነውር አይደለም። ዋጋው ግን የታክሲ መሆን አለበት።

መርሴዲስ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሁሉ የሚዘረዝር ዳታ ካርድ አለው። ቀለሙ፣ የወንበሩ ዓይነት፣ በትዕዛዝ የተጨመረው ዕቃ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ አስወጡ። ለዋጋ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ቅርጹም ዋጋ ይለውጣል። ባለ ሁለት በሩ ኩፔ 100 ሺህ ገደማ ብቻ ነው የተሠራው። ኋላው ረጅሙ ስቴሽን ዋገን 200 ሺህ ገደማ ነው። የቀረው ከሞላ ጎደል ባለ አራት በር ነው። ስለዚህ ኩፔና ስቴሽኑ ይወደዳሉ። በናፍጣ የሚሄድ ኩፔ ካያችሁ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ፋብሪካው 300 ሲዲን የሠራው ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ነበር።

2. የት እንደኖረ ከብረቱ ላይ አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሞተር ይጠገናል። ወንበር ይሰፋል። የበሰበሰ ላሜራ ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ይበላል።

የጀርመን መኪና በክረምት ጨው የፈሰሰበት መንገድ ላይ ኖሯል፤ ከታች ይዝጋል። የካሊፎርኒያው ብረቱ ንጹሕ ነው፤ ዳሽቦርዱ ግን በፀሐይ ተሰንጥቋል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች መኪናም እንደዚያው ነው፤ ጎማ ነክ ነገሩ ሁሉ ደርቆ ይሰባበራል። የጃፓኑ ብዙ ጊዜ ጥቂት የተነዳና በደንብ የተያዘ ነው። የአዲስ አበባው በየጊዜው ስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ መብራት ያዙ፤ ልብሳችሁ ይቆሽሽ። ከበሮቹ ሥር፣ ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ክዳን ተዘግተዋል። ክዳኑን ንቀሉና በአውራ ጣታችሁ ዙሪያውን ተጫኑ። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። ቢንኮሻኮሽ፣ ቡናማ ፍርፋሪ ቢረግፍ፣ መኪናው ከውስጥ እየተበላ ነው። አራቱንም እዩ። ሻጩ "ሦስቱ ደህና ናቸው" ቢላችሁ አራተኛው ላይ ተኙ።

ቀጥሎ ኋላውን ክፈቱና ትርፍ ጎማውን አውጡ። ሥሩ ውኃ ቋጥሯል? ከኮፈኑ ሥር ባትሪው የተቀመጠበትን ሳህን እዩ። የኋላ መስታወቱን የታች ማዕዘኖች እዩ። ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉን በመዳፋችሁ ጫኑት፤ ርጥበት ካለ ውኃ ከሆነ ቦታ እየገባ ነው።

ስቱኮ ለመለየት ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውና በሮቹ ላይ አስኪዱ። ሳይዝ የወደቀበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ብረት ብቻ አይደለም ያለው። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው። ከ300 በላይ ካነበበ ዳግም ተቀብቷል።

124ን ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ከ1992 እስከ 1995 የተሠሩት ላይ የሞተሩ ሽቦ ሽፋን በሙቀት እየተሰባበረ ይረግፋል። ሽቦው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ።

3. ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሱ

ለሻጩ ቀድማችሁ ደውሉ። "እባክህ እስክመጣ አታስነሳው" በሉት። ደርሳችሁ ኮፈኑን ስትነኩት ሞቆ ካገኛችሁት የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላ ቀን ተመለሱ።

ናፍጣ ከሆነ ቁልፉን አዙሩና የማሞቂያዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱ። ደህና ሞተር ወዲያው ይነሳል፤ ጥቂት ጭሶ ይጠራል። እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና እዚያው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው። ክዳኑ እየዘለለ ከወደቀ ግን ፒስተኑ ጋዝ እያሳለፈ ነው። ሞተሩ ደክሟል።

አሁን አጥፉት። የዚህ ናፍጣ ሞተር የሚቆመው በቫኪዩም ነው፤ በሮቹም የሚቆለፉት በዚያው ነው። ቁልፉን አውጥታችሁ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ጥገናው ርካሽ ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል።

ስትነዱት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እዩ። የዚያ ዘመን መርሴዲሶች ቆጣሪ ጥርሱ ተንሸራቶ መቆም ይወዳል። "180 ሺህ ብቻ ነው የሄደው" የሚባለው መኪና ቆጣሪው ከቆመ 15 ዓመት ሊሆነው ይችላል። የፍሬን ፔዳሉና የመሪው ማለቅ እውነተኛውን ዕድሜ ይነግራችኋል።

4. ደረጃ ስጡት

ጀርመን ውስጥ መኪና ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 እንከን የለሽ ነው። 3 ያገለገለ፣ የሚነዳ፣ አስቸኳይ ሥራ የሌለበት ነው። 5 ከሥር ጀምሮ መሠራት ያለበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገማች የሚጠቀመው ከ1 እስከ 4 ያለውን ነው። ስለዚህ "4 ነው" የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ የየትኛው አገር 4 እንደሆነ ጠይቁ።

እኔ የምመክረው በጥርጣሬ ጊዜ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። ሰው የወደደውን መኪና ከፍ አድርጎ ያያል።

5. የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ

ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለበት ዋጋ ነው የሚጠቅመው። ለአሜሪካ ብሪንግ ኤ ትሬለር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለፉ ጨረታዎችን እዩ። ለጀርመን ክላሲክ ዳታ፣ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ሃገርቲ በየደረጃው ዋጋ ያወጣሉ። ሞዴሉ፣ ሞተሩ፣ ቅርጹና ደረጃው የሚመሳሰል ቢያንስ አምስት ሽያጭ ሰብስቡ። ከላይና ከታች የወጡትን ጣሉና መካከለኛውን ያዙ።

በ2022 አንድ የ300 ኤስኤልአር ኡለንሃውት ኩፔ መርሴዲስ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ያንን ዜና የሰማ ሁሉ የአጎቱን መርሴዲስ ዋጋ ከፍ አደረገ። ያ መኪና የተሠራው ሁለት ብቻ ነው፤ የእናንተን አይነካውም።

6. የአገሩን ሕግ በዋጋው ላይ አስቀምጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረውም ይሄው ነው።

ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና በዋናው መልኩ ያለ መኪና መርማሪ ካጸደቀለት መጨረሻው ላይ ኤች ያለበት ታርጋ ያገኛል። የዓመት ግብሩ 191.73 ዩሮ ነው። ጭስ የሚከለክሉ የከተማ ክልሎች ውስጥም ይገባል። ያው 300ዲ ይሄ ታርጋ ከሌለው በዓመት ከ1,100 ዩሮ በላይ ግብር ይከፍላል፤ እነዚያ ክልሎች ውስጥም አይገባም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት መኪና ቆመው አንዱ ኤች ማግኘት የማይችል ከሆነ ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይችልም። የተቀየረ ቸርኬ፣ የተቆረጠ ስፕሪንግ፣ የዘመኑ ያልሆነ ወንበር ታርጋውን ሊያስከለክል ይችላል።

እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት ሲሞላው የመንገድ ግብሩ ዜሮ ይሆናል። የዓመት ምርመራውም ይቀርለታል፤ የለንደንን የጭስ ክፍያም አይከፍልም። መሪው ግን በቀኝ ነው። ወደ ሌላው አውሮፓ ስትወስዱት ገዢው ይቀንሳል።

አሜሪካ 25 ዓመት ያለፈውን መኪና ያለ ደኅንነት ማስተካከያ ታስገባለች። ካሊፎርኒያ ላይ ግን ልዩ ነገር አለ። ከ1975 በኋላ የተሠራ ቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት፤ የ1997ና ከዚያ በፊት ያለ ናፍጣ የለበትም። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ 300ዲ ስትገዙ ለዚህም ጭምር ነው የምትከፍሉት። የአሜሪካው መኪና ትልልቅ መከላከያ አለው፤ አውሮፓ ያለ ገዢ አይወደውም፤ የሚቀይርበትን ከዋጋው ይቀንሳል።

እስራኤል 30 ዓመት የሞላውን በሰብሳቢ መኪና መደብ ትመዘግባለች። እዚያ ሰባት መንገደኛ የሚጭነው ረጅሙ መርሴዲስ የጋራ ታክሲ ሆኖ ዘመናትን አሳልፏል። ብዙ ተነድቷልና ከውበቱ በፊት ሥራውን አስቡ።

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ "ጀርመን በዚህ ዋጋ አለ፤ ላስመጣ" የሚለው ስሌት አይሠራም። አገር ቤት ያለው መኪና በአገር ቤት ገበያ ብቻ ነው የሚተመነው። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው? ቀረጡ የተከፈለበት ሰነድ አለ? በውክልና ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መኪና ብረቱ ቢያምርም ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት።

"ይሄ የቤተ መንግሥት መኪና ነበር" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁም ፎቶና ሰነድ ጠይቁ። ንጉሡ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት ቮልስዋገን የታወቀው በፎቶ ስለተያዘ ነው። ደላላ የነገራችሁ ታሪክ ብር አይጨምርም።

7. በር ላይ የሚደርስበትን ዋጋ አስሉ

ምሳሌ ልስጥ። ከአሜሪካ በ10,000 ዩሮ ገዝታችሁ፣ መርከቡ 2,000 ዩሮ ጠይቆ፣ ወደ ጀርመን አስገባችሁ እንበል። ጉምሩክ እንደ ሰብሳቢ መኪና ከተቀበለው ቀረጥ የለም፤ 7 በመቶ ታክስ ብቻ ነው። 840 ዩሮ። እንደ ተራ ያገለገለ መኪና ካየው 10 በመቶ ቀረጥ፣ በዚያ ላይ 19 በመቶ ታክስ። በጠቅላላው 3,708 ዩሮ። ልዩነቱ 2,868 ዩሮ ነው። ለመለየት 30 ዓመት መሙላቱን፣ መሠራት ማቆሙንና ዋናው መልኩ እንዳለ መሆኑን ያያሉ። ዳታ ካርዱን እዚህም ያዙ።

8. ከገዛችሁት በኋላ

ቢያንስ በወር አንዴ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዱት። ሳይነዱት ቆሞ ማስነሳት ብቻ ርጥበት ያጠራቅማል እንጂ አይጠቅምም። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዝናብ ካለፈ በኋላ ከበሮቹ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አለመደፈናቸውን በቀጭን እንጨት ፈትሹ።

ደረሰኝ አትጣሉ። የሦስት ብር ፊውዝ የገዛችሁበትን ጭምር በቀን በቀኑ ክላሰር ውስጥ አስገቡ። ስትሸጡ ገዢው ከመኪናው በፊት ክላሰሩን ነው የሚያየው።

ኢንሹራንስ ስትገቡ "በተስማማንበት ዋጋ" የሚለውን ውል ጠይቁ። ያለዚያ መኪናው ቢሰረቅ ኩባንያው እንደማንኛውም የ40 ዓመት መኪና ቆጥሮ ይከፍላችኋል። ዋጋውን በየሁለት ዓመቱ በገማች አስጠኑ፤ አዲሱን ወረቀት ለኢንሹራንሱ ላኩ፤ መቀበላቸውንም በጽሑፍ አስመልሱ።